ከመቶ አረጋውያን ስንቶቹ? የማኩላ መዳከም እንዴት እንደሚጀምርና እንዴት እንደሚቆጠር

በዕድሜ መግፋት የሚመጣው የማኩላ መዳከም በዓለም ላይ 196 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ይዟል ሲባል፣ ብዙ ሰው ወዲያው 196 ሚሊዮን ዓይነ ስውር ይታየዋል። እውነታው ግን ሌላ ነው። ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ዛሬ ጠዋት ጋዜጣቸውን አንብበዋል፣ ምስራቸውን ለቅመዋል፣ መርፌ ላይ ክር አስገብተዋል፤ በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው የዕይታ ሪፖርት (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በዚህ በሽታ ምክንያት ዕይታቸው በመካከለኛ ወይም ከዚያ በከፋ ደረጃ የተጎዳባቸው 10.4 ሚሊዮን እንደሆኑ ያሳያል።

በ196 ሚሊዮንና በ10.4 ሚሊዮን መካከል ያለው ርቀት የበሽታውን ጠባይ ይነግረናል። ስለዚህ «በሽታው ምን ያህል የተለመደ ነው?» የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለውም። የሚቆጠረው የትኛው ደረጃ ነው? በየትኛው ዕድሜ? የሚታየው የዓይን ፎቶ ነው ወይስ የማየት ችሎታ? መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ዓይን ውስጥ ምን እንደሚፈጠር ማወቅ ይጠቅማል።

ማኩላ ምን ትሠራለች?

ብርሃን በዓይናችን ፊት ለፊት ገብቶ ከኋላ ያለው ስስ ሽፋን ላይ ያርፋል። ይህ ሽፋን ሬቲና ይባላል፤ ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ መልእክት ይለውጠውና በነርቭ በኩል ወደ አእምሮ ይልከዋል። የሬቲናው መካከል ማኩላ ናት። ስፋቷ 5.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆንም ሥራዋ ከስፋቷ ጋር አይመጣጠንም። ማንበብ፣ የሰውን ፊት መለየት፣ የገንዘብ ኖት ማየት፣ ከጤፍ ውስጥ ጠጠር መልቀም፣ የስልክ ቁጥር መደወል፣ ይህ ሁሉ የእሷ ድርሻ ነው። ከእሷ ውጭ ያለው ሬቲና ዳር ዳሩን ያያል፦ በስተግራ የሚመጣውን መኪና፣ የበሩን ደፍ፣ አጠገብ ያለውን ወንበር።

ስለዚህ ማኩላ ስትጎዳ ሰውየው ጨለማ ውስጥ አይገባም። ቤት ውስጥ ይንቀሳቀሳል፣ ደጅ ወጥቶ ይመለሳል። ችግሩ አተኩሮ የሚያየው ነገር ላይ ነው። ጎረቤቱ መንገድ ላይ ሰላም ሲለው ድምፁን ሰምቶ እንጂ ፊቱን አይቶ አያውቀውም። ይህን የማያውቁ ሰዎች አንዳንዴ «አይቶኝ አለፈኝ፣ ኮርቷል» ብለው ይቀየሙታል።

ጉዳቱ እንዴት ይጀምራል?

ከሬቲናው ሕዋሳት ሥር አንድ ረድፍ ረዳት ሕዋሳት አሉ። ብርሃን የሚቀበሉት ሕዋሳት በየቀኑ ጫፋቸው ላይ ያረጀውን ክፍል ይጥላሉ፤ አሥር ቀን ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ ይህ የውጭ ክፍላቸው በሙሉ ይታደሳል። የተጣለውን የሚውጡትና የሚያስወግዱት እነዚያ ረዳት ሕዋሳት ናቸው። ከሥራቸው ካለው የደም ሥር መረብ ምግብና ኦክስጅን ተቀብለው ወደ ላይ ያሳልፋሉ፣ ውዳቂውን ደግሞ ወደ ታች ይሰዳሉ። እንደ ቆዳ ሕዋስ ግን በየጊዜው በአዲስ አይተኩም፤ በ20 ዓመታችን የነበሩት በ80 ዓመታችንም ያሉት ናቸው።

ዕድሜ ሲገፋ ረዳቶቹ ሥራው ይከብዳቸዋል። ያልተወገደው ቅባትና ፕሮቲን ጠላ ጋን ሥር እንደሚቀር አተላ ከሥራቸው ይከማቻል። የዓይን ሐኪሞች ይህን ቢጫ ነጠብጣብ ድሩዘን ይሉታል። ሐኪሙ በጠብታ መድኃኒት ብሌኑን አስፍቶ ወደ ውስጥ ሲመለከት የሚፈልገው እሱን ነው።

ድሩዘን ያለበት ሰው ሁሉ ታማሚ ነው?

አይደለም። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ቢቨር ዳም በምትባል ትንሽ ከተማ ከ1988 እስከ 1990 ዕድሜያቸው ከ43 እስከ 86 የሆነ 4,926 ነዋሪዎች የሬቲናቸውን ፎቶ ተነሡ። ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ሲታዩ፣ ከመቶው በ95.5ቱ ላይ ቢያንስ በአንድ ዓይን፣ በማኩላው አካባቢ፣ ቢያንስ አንድ የድሩዘን ነጠብጣብ ተገኘ። «ድሩዘን ያለው ሁሉ ታማሚ ነው» ብንል በዚያች ከተማ ከተመረመሩት መካከል ጤነኛ ሰው ከሞላ ጎደል አይገኝም ማለት ነው።

ስለዚህ የዓይን ሐኪሞች በመጠን ወሰን አበጁለት። በ2013 የታተመው፣ ዛሬ በስፋት የሚሠራበት የደረጃ አከፋፈል እንዲህ ይላል፦ ስፋቱ ከ63 ማይክሮን በታች የሆነ ነጠብጣብ (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የተለመደ እርጅና እንጂ በሽታ አይደለም። ከ63 እስከ 125 ማይክሮን የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ከ125 ማይክሮን ሲያልፍ፣ ወይም የሬቲናው ቀለም ሲዛባ፣ መካከለኛው ደረጃ ይባላል። የመጨረሻው ደረጃ የሚጀምረው ማኩላዋ ራሷ ስትሳሳና ስትሞት፣ ወይም ደም ሥር ሲበቅልባት ነው።

አንድ ጥናት ከሌላው የተለየ ቁጥር የሚያወጣበት ምክንያት ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። አንዱ ትንሹንም ነጠብጣብ ይቆጥራል፣ ሌላው ትልቁን ብቻ። አንዱ አንድ ዓይን መያዙ ይበቃዋል፣ ሌላው የሚፈልገው ዕይታቸው የወረደውን ብቻ ነው። ቁጥር ስናነብ ከቁጥሩ በፊት የሚጠየቀው «የትኛው ደረጃ?» ነው።

ታዲያ ስንቶቹ?

በቢቨር ዳም ከተመረመሩት ውስጥ 15.6 በመቶው ላይ የበሽታው መጀመሪያ ምልክት ታየ። የመጨረሻው ደረጃ የታየባቸው ግን 1.6 በመቶ ነበሩ፤ አንድ አሥረኛ ገደማ ማለት ነው።

ይህ ምጣኔ በሌላም ቦታ ይደጋገማል። በአሜሪካ በ2019 ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት ውስጥ 19.8 ሚሊዮን ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው ተገምቷል፤ ከስምንት ሰው አንዱ እንደማለት ነው። ዕይታን የሚያሰጋው የመጨረሻ ደረጃ ላይ የደረሱት ግን 1.5 ሚሊዮን ገደማ፣ ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞሉ ናቸው። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ በናኩሩ አካባቢ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ሲመረመሩ፣ የመጀመሪያው ደረጃ 11.2 በመቶ፣ የመጨረሻው 1.2 በመቶ ሆኖ ተገኘ። የተመረመሩት የዕድሜ ክልሎች አንድ ስላልሆኑ አገርን ከአገር ለማወዳደር አይመቹም። በሦስቱም ቦታ ግን ምልክቱ ካለባቸው ሰዎች ዕይታቸው አደጋ ላይ ያለው ጥቂቱ ክፍል ብቻ ነው።

አማካይ ቁጥር የሚደብቀው ሌላው ነገር ዕድሜ ነው። በቢቨር ዳም ከ43 እስከ 54 ዓመት ባሉት ላይ የመጨረሻው ደረጃ ከሺህ ሰው አንድ ላይ ብቻ ነበር የታየው። ከ75 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ ግን 7.1 በመቶ ደረሰ። ትልቁ ድሩዘን ደግሞ ከ1.9 ወደ 24 በመቶ ወጣ። ስለዚህ ለቤተሰብ የሚጠቅመው መልስ እንዲህ ነው፦ በ50 ዓመት ላለ ሰው የመጨረሻው ደረጃ እጅግ ብርቅ ነው፤ ከ75 በላይ ባሉት ዘንድ ግን ከአሥራ አራት ሰው አንዱን ያገኛል። ይህ ቁጥር የተወሰደው ነዋሪዎቿ በአብዛኛው ነጮች ከሆኑባት ከተማ መሆኑ ይታወስ። ጥቁርና ነጭ አሜሪካውያን ጎን ለጎን የተመረመሩበት የባልቲሞሩ ጥናት፣ የመጨረሻው ደረጃ በጥቁሮቹ ላይ በጣም ያነሰ እንደሆነ አሳይቷል። ያ ማለት ግን አፍሪካውያን ከበሽታው ነፃ ናቸው ማለት አይደለም፤ የናኩሩ ቁጥር ለዚህ ምስክር ነው።

ኢትዮጵያስ?

በ2005 እና 2006 በመላው አገሪቱ በተደረገው የዓይነ ስውርነት ጥናት፣ ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑ ተገለጸ። ከመንስኤዎቹ ግማሹን የያዘው የዓይን ሞራ (49.9 በመቶ) ሲሆን፣ ትራኮማ ያስከተለው የዓይን ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ ግላኮማ 5.2 በመቶ፣ የማኩላ መዳከም 4.8 በመቶ ነበር። ይህ 4.8 በጥንቃቄ ይነበብ፤ ከመቶ ዓይነ ስውራን እንጂ ከመቶ አረጋውያን አይደለም።

ቁጥሩ ትንሽ የመሰለው በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው የሕዝቡ ዕድሜ ነው። በአሜሪካ ከስድስት ሰው አንዱ ገደማ 65 ዓመት አልፎታል፤ በኢትዮጵያ እዚህ ዕድሜ የደረሱት ከመቶ ሦስት ገደማ ናቸው። የእርጅና በሽታ እንዲበዛ መጀመሪያ አረጋውያን መብዛት አለባቸው። ሁለተኛው፣ ሞራና ትራኮማ ገና ብዙ ሰው የሚያሳውሩ ስለነበሩ ሌላው ሁሉ ከሥራቸው ሆነ።

ሁለቱም ነገሮች እየተለወጡ ነው። በ1990 በኢትዮጵያ ሲወለዱ የሚጠበቀው አማካይ ዕድሜ 50 አይሞላም ነበር፤ ዛሬ ከ60 አልፏል። የሞራ ቀዶ ሕክምናም ተስፋፍቷል። ሞራ ዓይንን እንደ መጋረጃ ስለሚሸፍን ሐኪሙ ከኋላው ያለውን ማኩላ በደንብ ማየት አይችልም። ሞራው ከወጣ በኋላ ነው የማኩላው ሁኔታ የሚታየው። «ኦፕሬሽኑ ተሳክቷል ተባለ፣ እናታችን ግን አሁንም ፊታችንን አትለይም» የሚል ቤተሰብ፣ ቀዶ ሐኪሙን ከመውቀሱ በፊት የሬቲና ምርመራ ቢጠይቅ መልሱን ሊያገኝ ይችላል።

በዓለም ደረጃም ሁለት ነገሮች በተቃራኒ አቅጣጫ እየሄዱ ናቸው። የቢቨር ዳም ተመራማሪዎች ወላጆችንና ልጆችን በእኩል ዕድሜ ሲያወዳድሩ፣ በበሽታው የመያዝ ዕድል ከአንዱ ትውልድ ወደ ቀጣዩ ከ60 በመቶ በላይ ቀንሶ አገኙት። የአረጋውያን ብዛት ግን ከዚህ ቅናሽ ፈጥኖ ይጨምራል። በ2014 የተሠራ ዓለም አቀፍ ስሌት በ2040 የሕሙማኑ ቁጥር 288 ሚሊዮን ይሆናል ያለው ይህንኑ የአረጋውያን መብዛት ይዞ ነው።

ደረቁና እርጥቡ

የመጨረሻው ደረጃ ሁለት መልክ አለው። በደረቁ ረዳት ሕዋሳቱ ቀስ በቀስ ይሞታሉ፣ ከእነሱ ጋር ብርሃን ተቀባዮቹም ይጠፋሉ። ይህ ዓመታት ይፈጃል። በእርጥቡ ደግሞ ከሥር ካለው መረብ አዳዲስ ደም ሥሮች ወደ ማኩላ ይበቅላሉ። ግድግዳቸው ደካማ ስለሆነ ውኃና ደም ያፈሳሉ፤ ማኩላዋ ታብጣለች፣ ትነሣለች፣ ካልታከመችም ጠባሳ ይሆናል። ይህ በሳምንታት፣ አንዳንዴም በቀናት ይከሰታል። ከሕሙማኑ እርጥቡ ያለባቸው ከመቶ ከ10 እስከ 15 ገደማ ብቻ ናቸው፤ መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት ግን ለከፋው የዕይታ ማጣት በአብዛኛው ተጠያቂው ይኸው ዓይነት ነበር።

በቤት የሚደረግ ፍተሻ

ሁለት ዓይን ስላለን አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። አንድ ዓይናቸው ከተጎዳ ወራት አልፎ ሳያውቁ የሚኖሩ ብዙዎች የሆኑት በዚህ ነው። ስለዚህ ፍተሻው ሁልጊዜ በአንድ ዓይን ነው።

የስዊሱ የዓይን ሐኪም ማርክ አምስለር ያዘጋጀው ሰንጠረዥ ዛሬም ይሠራበታል፤ ጎንና ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር፣ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች የተከፋፈለ፣ መሐሉ ላይ ነጥብ ያለበት ነው። እሱ ከሌለ ባለ አራት ማዕዘን መስመር የሂሳብ ደብተር ላይ መሐሉን በእስክሪብቶ ነጥብ ማድረግ ይበቃል። የማንበቢያ መነጽር ካለ ይደረግ። ደብተሩ ከፊት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፤ አንዱ ዓይን በመዳፍ ይሸፈን፤ ሌላው ነጥቡን ብቻ ይመልከት። መስመሮቹ ሁሉ ቀጥ ያሉ ናቸው? የተጣመመ፣ የተወላገደ አለ? የጠፋ ወይም የደበዘዘ ቦታ አለ? ከዚያ ሌላው ዓይን። በሳምንት አንዴ ቢደረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የበር መቃን፣ የመስኮት ፍርግርግና የወለል ንጣፍም ለዚህ ያገለግላሉ።

መስመር በድንገት ከተጣመመ ቀጠሮው «ለሚቀጥለው ወር» የሚባል አይደለም፤ በዚያው ሳምንት፣ ቢቻል በማግስቱ ነው። ፍተሻው ደህና መሆኑ ግን ምርመራን አይተካም፤ የመጀመሪያውና መካከለኛው ደረጃ ብዙ ጊዜ መስመር አያጣምሙም።

የሌለ ነገር ሲታይ

ዕይታቸው በጣም የወረደ አንዳንድ አረጋውያን የሌሉ ሰዎችን፣ ሕፃናትን፣ አበባ ያለበት ጨርቅ ወይም ጥልፍ ያያሉ። የስዊሱ ሊቅ ሻርል ቦኔ በ1760 በገዛ አያቱ ላይ ያየውን ስለጻፈ ክስተቱ በስሙ ይጠራል። ከዓይን የሚደርሰው መረጃ ሲጓደል አእምሮ ራሱ ምስል ይሞላበታል። ሰውየው ብዙ ጊዜ የሚያየው እውነት እንዳልሆነ ያውቃል። ግን «አበዱ ይሉኛል» ወይም «መንፈስ አለበት ይሉኛል» ብሎ ይደብቃል። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፤ ለዓይን ሐኪሙም ይነገር። እንዲህ ያለ ነገር በቤት ውስጥ ሲሰማ የመጀመሪያው ጥያቄ «ድምፅም ይሰማሉ? ወይስ የሚያዩት ብቻ ነው?» ቢሆን ጥሩ ነው። ድምፅ ካለ፣ ግራ መጋባት ካለ፣ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይወቀው።

ምን ይረዳል?

ዕድሜንና ዘርን መለወጥ አይቻልም። በ2005 ተመራማሪዎች ከበሽታው ጋር በብርቱ የተያያዘ፣ የሰውነትን መከላከያ የሚቆጣጠር አንድ ዘረ መል አገኙ። ስለዚህ ወላጅ ወይም ወንድምና እህት በበሽታው ከተያዙ ራስን ቀደም ብሎ ማስመርመር ተገቢ ነው።

በእጃችን ካሉት ሁሉ ከባዱ ሲጋራ ነው። የሚያጨስ ሰው ከማያጨስ ይልቅ ከሁለት እስከ አራት እጥፍ ይበልጥ ለበሽታው ይጋለጣል። ማቆም በ60 ዓመትም ይጠቅማል።

ምግብን በተመለከተ፣ ማኩላ ውስጥ የሚገኙት ሉቲንና ዚያዛንቲን የሚባሉ ቢጫ ቀለሞች ከምግብ እንጂ ከሰውነት አይመነጩም። ጎመን፣ ቆስጣና የእንቁላል አስኳል አሏቸው። የፆም ገበታ በዚህ በኩል አያሳፍርም።

እንክብሎቹስ? የአሜሪካ ብሔራዊ የዓይን ተቋም በ2001 ባወጣው ውጤት፣ ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢ፣ ቤታ ካሮቲን፣ ዚንክና ሌሎችን የያዘ ከፍተኛ መጠን ያለው እንክብል መካከለኛ ደረጃ ላይ ያሉ ሰዎች ወደ መጨረሻው የመድረስ ዕድላቸውን በአምስት ዓመት ውስጥ 25 በመቶ ገደማ ቀነሰ። በ2013 ቤታ ካሮቲን ወጥቶ በምትኩ ሉቲንና ዚያዛንቲን ገቡ፤ ቤታ ካሮቲን በአጫሾች ላይ የሳንባ ካንሰር አደጋን ስለሚጨምር ነው። ከውጭ አገር «ለዓይን ጥሩ ነው» ተብሎ የሚላክ ጠርሙስ ሲመጣ ይህ ይታወስ። ዓይኑ ጤነኛ የሆነን ሰው ከበሽታው እንደሚጠብቅ አልተረጋገጠም፤ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ላለም ጥቅሙ አልታየም።

ለእርጥቡ ዓይነት ሕክምና አለ። የደም ሥሩን እድገት የሚገታ መድኃኒት ዓይን ውስጥ በመርፌ ይሰጣል። መስማቱ ያስፈራል፤ ዓይኑ ግን በማደንዘዣ ጠብታ ይደነዝዛል፣ መርፌው ሰከንዶች ብቻ ይፈጃል። በ2006 የተፈቀደው ራኒቢዙማብ ውድ ነው። ለአንጀት ካንሰር የተሠራው ቤቫሲዙማብ በጥቂት መጠን ተከፋፍሎ ሲሰጥ በጣም ይረክሳል፤ በ2011 የወጣ ትልቅ ንጽጽር ዕይታን በመጠበቅ ረገድ ሁለቱ እኩል መሆናቸውን አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2013 ለዓይን ሕክምና የሚውል መሠረታዊ መድኃኒት አድርጎ መዝግቦታል። መርፌው አንድ ጊዜ ተወግተው የሚያቆሙት አይደለም፤ በወር ወይም በተወሰኑ ወራት ይደጋገማል። «አሁን ደህና ነኝ» ብሎ ማቋረጥ የተገኘውን ዕይታ መልሶ ያሳጣል። ለደረቁ የመጨረሻ ደረጃ በ2023 አሜሪካ ሁለት መርፌዎች አጽድቃለች፤ የሚሰጡት ጥቅም መስፋፋቱን ማዘግየት እንጂ የጠፋውን ዕይታ መመለስ አይደለም።

ሐኪሙን ምን እንጠይቅ?

ከ50 ዓመት በኋላ ብሌንን በጠብታ አስፍቶ መመርመር ብልህነት ነው። የመነጽር ቁጥር መለካት ብቻ ይህን በሽታ አያሳይም። በአዲስ አበባ ሪፈር ሲጻፍ የሬቲና ሐኪም መጠየቅ ይቻላል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ትምህርት ክፍል ያለው በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ልጆቻቸው ዘንድ ላሉ ወላጆች አስተርጓሚ ይዞ መሄድ ይጠቅማል፤ «መስመር ይጣመምብኛል» የሚለው ቃል በትርጉም መካከል እንዳይጠፋ።

«የማኩላ መዳከም አለብዎ» ከተባለ ደንግጦ ከመውጣት በፊት አራት ጥያቄዎች ይነሱ። ደረጃው የትኛው ነው? ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ? አንድ ዓይን ነው ወይስ ሁለቱም? መቼ ልመለስ? መልሱ «የመጀመሪያው ደረጃ፣ ደረቅ፣ በዓመት አንዴ» ከሆነ፣ እርስዎ ዕይታቸው ካልተነካው አብዛኞቹ ጋር ነዎት፤ ሲጋራውን ይተዉ፣ ጎመኑን ይብሉ፣ ደብተሩን በሳምንት አንዴ ይመልከቱ። መልሱ «እርጥብ» ከሆነ ግን ከክሊኒኩ ሳይወጡ የመጀመሪያውን መርፌ ቀን ያስቆርጡ።